ኔግሮኒ «አራዳ»፣ አረቄ «ፋራ» ያለው ማነው?

ቦሌ ተቀምጦ ቀይ ብርጭቆ ፎቶ እያነሳ የሚለጥፍ ጓደኛ አታጡም። ኔግሮኒ ነው። 30 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 30 ካምፓሪ፣ 30 ጣፋጭ ቬርሙት፤ በበረዶ ማማሰል፣ የብርቱካን ቁራጭ ጣል ማድረግ፣ አለቀ። ታሪኩንም በቃሉ ይወጣዋል፦ እ.ኤ.አ. በ1919 ፍሎረንስ ላይ ካውንት ካሚሎ ኔግሮኒ «አሜሪካኖ»ውን ጠንከር አድርጉልኝ፣ በሶዳው ፈንታ ጂን ይግባበት አለ ይባላል። አረቄ ስትሉት ግን ፊቱን ያጨማድዳል። «የፋራ መጠጥ!»

እንዴ! ጂንስ ከየት መጣ? በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ የድሃ መጠጥ፣ የሰፈር መቅሰፍት ነበር። ሆጋርዝ በ1751 «የጂን መንደር» ብሎ የሳለው ያንን ጉድ ነው፤ ፓርላማውም በዚያው ዓመት ሕግ አወጣበት። መጠጡ ያው ከእህል የወጣ አልኮል ነው፤ ከጊዜ በኋላ ተለካ፣ ተጻፈ፣ ጠርሙስና ስም አገኘ።

የጎጃም እናቶች ደግሞ ጌሾና ብቅል ይጠነስሳሉ፣ ከእህል ቂጣ ጋር ይደፈድፋሉ፣ ድፍድፉን እሳት ላይ ይጥዳሉ፤ እንፋሎቱን በመቃ አሳልፈው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ያጠራቅሙታል። ደግመው ሲያወጡት ዳግም ይባላል፤ አልኮሉ እስከ 45 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ምህንድስና ተምሬያለሁ፤ ይሄ ምህንድስና ካልሆነ ምን እንደሆነ ንገሩኝ። ጂን የሚለየው በጥድ ፍሬው ነው።

«ባህላችን ነው፣ አትንኩት» የምትሉም አላችሁ። ከእናንተም ጋር አልስማማም። ሜታኖል በምላስ አይለይም። የማገዶው ጭስ የአውጪዋን ዓይንና ሳንባ ይበላል። አረቄ ያፈረሰው ቤትም አለ፤ ጂን ያፈረሰው እንዳለ ሁሉ። አለመንካት ማለት እሷን ከነጭሷ መተው ነው።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። በእኛ ሙያ ያልተሰነደ ኮድ ጸሐፊው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። የአረቄ ሙያም እንዲሁ በእናቶች እጅ ብቻ ነው ያለው። የጥኖራ በደርግ ዘመን ስሟ የናኘው በአምራቾች ህብረት ሥራ ማህበሯ ነበር። አሁን ደግሞ አውጪዎቹ በገዛ ፈቃዳቸው ቢደራጁስ? አንድ የአልኮል መለኪያ፣ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ፣ የአውጪዋ ስም የተጻፈበት ጠርሙስ። ይህን ያህል ነው የምጠይቀው።

እስከዚያው ድረስ ጂን እያደነቀ አረቄን የሚሰድብ ሰው ቢያንስ ጂን ምን እንደነበር ያንብብ።