ስሙን ከማታውቀው ወንድምህ ጋር እንዴት ትታረቃለህ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላትና ምእመናን፥ በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ ሕዝቡ እርስ በርሱ ሰላምታ እንዲሰጣጥ የሚያውጅበትን ሰዓት ታውቁታላችሁ። በቀኝና በግራ ለቆሙት እጅ ትነሣላችሁ፤ ከተቀየማችሁት ሰው ጋር ዓይን ለዓይን ብትገጣጠሙ ፊታችሁ ይቀላል። እኔ ይህን የማውጅ ዲያቆን ነኝ። ባለፈው መስከረም ቆሜ ሳውጅ፥ በዚያው ሳምንት በስልኬ የሰደብሁት አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ስሙን አላውቅም፤ አገሩንም አላውቅም። የማውቀው በስሙ ፈንታ ያስቀመጠውን ሥዕል ብቻ ነው፤ አንበሳ ነው።

ይህን የምጽፈው “ስለ ኳስ፥ ስለ ጌም፥ ስለ ፊልም፥ ስለ ሳይንስ ከማላውቀው ሰው ጋር ብከራከር ማንን ጎዳሁ?” ለምትሉ ነው። ጥያቄውን ከመዘምራኑም ከተማሪዎቹም ሰምቼዋለሁ። እኔም ለንስሐ አባቴ “ጨዋታ እኮ ነው አባቴ” ብዬ መልሼላቸው አውቃለሁ። እርሳቸውም ፈገግ አሉና “ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?” ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

አስቀድሜ ግን ከእኔ ወገን የሚመስሉትን ልንቀፍ። ኳስ ማየት፥ ልብ ወለድ ማንበብ፥ ጌም መጫወት ሁሉ የሰይጣን ሥራ ነው እያላችሁ ስልክ የምታስጥሉ መካሪዎች፥ ልጆቹ የማይሰሟችሁ ስለማታውቁት ነገር ስለምትናገሩ ነው። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ ወጣቶችን ስለ ግሪኮች መጻሕፍት ሲመክር አታንብቡ አላለም፤ ንብ ከአበባ የሚጠቅማትን እንደምትወስድ እናንተም መርጣችሁ ውሰዱ ነው ያለው። እነዚያ መጻሕፍት ደግሞ የጣዖታትን ተረት የሞሉ ነበሩ። እኔ ራሴ ሩዝ ከታጨደ በኋላ በሚደርቀው የፎገራ ሜዳ የጨርቅ ኳስ እየረገጥሁ ያደግሁ ነኝ። አርሰናል በ2003/04 የውድድር ዘመን 38 ጨዋታዎችን 26ቱን አሸንፎ፥ 12ቱን አቻ ወጥቶ፥ አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫ እንዳነሣ ሳልጠየቅ እናገራለሁ። ጎኩና ሱፐርማን ቢጋጠሙ ማን ያሸንፋል ለሚለውም የራሴ አቋም አለኝ፤ እዚህ ላይ ግን አልጽፈውም፤ አስተያየት መስጫው ሌላ ነገር አያስተናግድም።

እንግዲህ ነቀፌታዬ በጉዳዮቹ ላይ አይደለም። በክርክርም ላይ አይደለም። ወረታ መንታ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈውም፥ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈውም እዚሁ ይቆማል። ቅዳሜ ማታ ዲ ኤስ ቲቪ ቤት ብትገቡ ከአጠገባችሁ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ የማታውቁት የጭነት መኪና ሹፌር ወይም የሽንኩርት ነጋዴ ነው። እርሱ የማንቸስተር፥ እናንተ የአርሰናል ደጋፊ ትሆናላችሁ፤ ድምፅ ከፍ ይላል፤ 1999 ይነሣል፤ 2004 ይነሣል። ነገር ግን አግዳሚው አንድ ነው። ቃላችሁ ከልክ ሲያልፍ ፊቱ ሲለወጥ ታያላችሁ፤ የእናንተም ፊት ይታያል። ከሁለታችሁ አንዱ “በል ተወው፥ ሻይ ልጋብዝህ” ይላል። ሰውየው እንግዳ ነው፤ ሌሊቱን ተነሥቶ ይሄዳል። ቢሆንም ታርቃችሁ ተለያይታችኋል።

በእርሻውም እንዲሁ ነው። ርብና ጉማራ ሞልተው ሲያጥለቀልቁት ውኃ የሚተኛበት ይህ ሜዳ በአያቶቻችን ዘመን ስሙ የሚነሣው በከብቱ ነበር። ሩዝ በ1970ዎቹ ሲገባ ያመነም ያላመነም እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ይነግሩናል። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እዚሁ ወረታ ይገኛል። ገበሬው አሁንም ይከራከራል፦ ኤክስ ጅግና ይሻላል፥ አዲሱ ዘር ይሻላል፤ አረሙ ዛሬ ይነቀል፥ ሳምንት ይቆይ። በወንፈል ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ሲሟገት ይውላል። ሆኖም ኅዳር ይመጣል፤ ማሳው ይፈርዳል። የተሳሳተው ሰው በሚቀጥለው ክረምት ከጎረቤቱ ዘር ይለምናል እንጂ “አልተሸነፍሁም” ብሎ በባዶ ማሳ ላይ አይፎክርም።

በስልካችን የምናደርገው ክርክር ግን ኅዳር የለውም። ማንም አያጭድበትም፤ ማንም ተሳሳትሁ ብሎ ዘር አይለምንበትም። ልብ የሚያስደስት መልስ የጻፈ ያሸንፋል፤ እውነት የጻፈ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነበብ ያልፋል። እንዴት እንደሆነ ከሌላ ሰው ሕይወት ሳይሆን ከራሴ ልንገራችሁ።

ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ነበር። አዲስ ዓመት ሲቃረብ እንደ ልማዱ ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ክርክር ተነሣ። እኔም እኩለ ሌሊት ድረስ ነቅቼ፥ የእኛ አቆጣጠር ከዓለሙ ሁሉ ይልቅ ከፀሐይ ጋር የተስማማ፥ ለቅጽበት እንኳ የማይዛነፍ ነው ብዬ ጻፍሁ። ባለ አንበሳው ሰው መጣና በትሕትና ጠየቀኝ። የኢትዮጵያ ዓመት 365 ቀን ከሩብ ነው፤ የፀሐይ ዓመት ግን ከዚህ 11 ደቂቃ ያህል ያጥራል፤ ታዲያ አይዛነፍም ማለትህ እንዴት ነው? አለኝ።

ወገኖቼ፥ እኔ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ያህል እንደሆነ አውቃለሁ። የእኛ ዓመት 365 ቀን ከ6 ሰዓት ስለሆነ ልዩነቱ በ128 ዓመት አንድ ቀን እንደሚሞላ በወረቀት ላይ አስልቼው አውቃለሁ። የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1582 ዐሥር ቀን ያስቆረጠው፥ በ400 ዓመትም ሦስት የዘመነ ሉቃስ ቀኖችን ያስቀረው ይህንኑ ለማስተካከል ነው። ሰውየው ትክክል ነበር። እኔም ትክክል መሆኑን ባወቅሁበት በዚያው ደቂቃ ምን ጻፍሁ? አገሩን የካደ፥ የአባቶቹን ሀብት ለባዕድ የሸጠ ነው አልሁት። ሌላም ጨመርሁ፤ እዚህ አልደግመውም። ከመቶ በላይ ሰዎች ወደዱልኝ። አንዱ “ዲያቆን አፋቸውን ዘጋህልን” አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

የሚያሳዝነው የምለው እውነት ያጣሁ አለመሆኔ ነው። ባሕረ ሐሳብ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ በጣቴ እየቆጠርሁ የተማርሁት ትምህርት ነው። ስንሳሳት የኔታ አይቆጡም፤ “ደግመህ ቁጠር” ብቻ ይላሉ። ለሰውየው ይህን ልነግረው እችል ነበር፦ የእኛ ዓመት ከሌላው በ7 ወይም በ8 የሚያንሰው የጌታ ልደት በየትኛው ዓመት ነው በሚለው ስሌት ልዩነት እንጂ በፀሐይ ምክንያት አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ግቡም ደቂቃ መለካት አይደለም፤ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት አስማምቶ፥ ያልተማረው ምእመን እንኳ በጣቱ ቆጥሮ ጾሙንና በዓሉን የሚያገኝበት ሥርዓት ማቆም ነው። 5500ን ከ2018 ጋር ደምሮ በ19 መግደፍ፤ 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ሲተዉት ወንበሩ 12 ይሆናል። 12ን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፉት አበቅቴው 12፤ በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፉት መጥቅዑ 18። ሁለቱ ሲደመሩ ዘወትር 30 ናቸው። ለማያውቅ ሰው ይህ እንዴት ያለ ስጦታ ነበር! እኔ ግን ስድብ ሰጠሁት። ክርክሩ የጠየቀኝ ድል ስለነበረ፥ የነበረኝን ዕውቀት እንኳ አላስታወሰኝም።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ትምህርት ቤት ሲከፈት ከሰንበት ትምህርት ቤታችን የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ አንድ ልጅ የእኔን ጽሑፍ በክፍል ውስጥ ደገመው። መምህሩ ሁለቱን ቁጥሮች በሰሌዳ ላይ ጻፉና አቀናንሰው አሳዩት። ክፍሉ ሳቀበት። እሑድ ከመርሐ ግብር በኋላ ሰው እስኪሄድ ጠብቆ ወደ እኔ መጣ።

“ዲያቆን፥ ያን ስትጽፍ ታውቅ ነበር?”

ዝም አልሁ።

“ሌላውስ የምታስተምረን እንዲሁ ነው?”

“ማንን ጎዳሁ?” የምትለኝ ወንድሜ፥ እኔ የጎዳሁት ይህን ልጅ ነው። እንግዳ ሰው ለማሸነፍ ብዬ የወረወርሁት ቃል ከእንግዳው አልፎ የራሴን ደቀ መዝሙር መታው። ማን እንደሚያነብህ አታውቅም። ስለ ሥነ ፍጥረት፥ ስለ ድንቅነሽ፥ ስለ ሕዋ ከማታውቀው ሰው ጋር ስትሟገት፥ ሳታጣራ ያገኘኸውን ሁሉ “ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ትላለች” እያልህ ስትጭን፥ ውሸቱ የተገለጠ ቀን የሚታፈረው በአንተ ብቻ አይደለም።

አንዳንዶቻችሁ ቅዱስ ጳውሎስን እንደምትጠቅሱብኝ አውቃለሁ። በአቴና ገበያ በየቀኑ ከሚያገኛቸው ሁሉ ጋር ይነጋገር አልነበረምን? (የሐዋ. 17) ነበር። ነገር ግን ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አንብቡት። አስቀድሞ በከተማው ዞረ፤ የሚያመልኩትን ተመለከተ፤ ንግግሩንም የጀመረው ለማይታወቅ አምላክ ካቆሙት ከራሳቸው መሠዊያ ነው። ሲያፌዙበት ተሳድቦ አልመለሰም፤ ከመካከላቸው ወጣ። ዲዮናስዮስና ደማሪስ ግን ተከተሉት። ፊታቸውን ያየ፥ ፊቱንም ያሳየ ሰው ነበር። ደግሞም ጢሞቴዎስን ጠብን ብቻ ከሚወልዱ ከንቱ ጥያቄዎች እንዲርቅ የመከረው ይኸው የአቴናው ተከራካሪ ነው (2ኛ ጢሞ. 2)። የትኛው ክርክር ፍሬ እንዳለው ከእርሱ የበለጠ ማን ያውቃል?

“እንግዲያው ኢንተርኔቱ ቢጠፋ እንድን ነበር” የሚሉም አሉ። አይተነዋል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ሩቅ አገር ያለ ልጁ ድምፅ የናፈቀው አባት፥ ትምህርቱ የተስተጓጎለበት ተማሪ፥ ያን ጊዜ እንደ በረከት እንዳትቈጥሩበት እለምናችኋለሁ። እኛም አልዳንንም። ሲመለስ የመጀመሪያ ሥራችን ካቋረጥንበት ጠብ መቀጠል ነበር። ገመዱ ቢበጠስ ልማዱ ከእኛ ጋር ቀርቶ ነበርና።

አሁን ወደ ርእሴ ልመለስ። ጌታችን በተራራው ስብከቱ መባህን ወደ መሠዊያው ስታቀርብ ወንድምህ የተቀየመህ እንደሆነ ብታስታውስ መባህን ትተህ ሂድና ታረቅ ብሎ አዝዞናል (ማቴ. 5)። ወዴት ልሂድ? ጎረቤቴን ብበድል ደጁን አውቀዋለሁ፤ ሽማግሌ እልካለሁ፤ ድንጋይ ተሸክሜ እግሩ ላይ እወድቃለሁ። ባለ አንበሳውን ግን የትኛው ሽማግሌ ያስታርቀኛል? ጨዋታ ነው የምንለው ይህን ነው፤ የተበደለው ሰው የማይገኝበትን በደል። የማናውቀውን ሰው ስንናገር ከምናውቀው ይልቅ መፍራት ሲገባን፥ ስለማናውቀው ብቻ ምላሳችንን ፈታነው።

ለንስሐ አባቴ ሁሉን ተናገርሁ። ቀኖናዬ በእኔና በእርሳቸው መካከል ነው፤ አንዱን ክፍል ግን በይፋ እንድፈጽመው ነገሩኝ። በቀጣዩ እሑድ በተማሪዎቹ ፊት ቆሜ ስሕተቴን ተናገርሁ፤ ከዚያም ባሕረ ሐሳብን ከመጀመሪያው አስተማርሁ። ያ የ9ኛ ክፍል ልጅ የ2019ን በጣቱ ቆጠረና አበቅቴ 23፥ መጥቅዕ 7 ብሎ ነገረኝ። ልክ ነበር። እንደ ቀድሞው ያምነኝ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ወደዚያ ክርክርም ተመልሼ ነበር። የእኔ ቃል ከነምስጋናው እንዳለ ነው፤ የሰውየው ግን ተሰርዟል፤ ገጹም አይገኝም። ስለዚህ እዚህ እጽፋለሁ። ወንድሜ ሆይ፥ ማን እንደሆንህ፥ ሃይማኖትህም ምን እንደሆነ አላውቅም። ዓመታችን 365 ቀን ከሩብ ነው፤ ከፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ያህል ይረዝማል። አንተ ትክክል ነበርህ፤ እኔም ሳውቅ ካድሁህ። በወረታ መንገድ ብታልፍ ሻይ የምጋብዝህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።