የሽፋሽፍት ውበትና የድሬዳዋ ሙቀት

ስለ ማስካራ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ስለ እጅ ነው። ብሩሹ እንዴት እንደሚያዝ፣ ከሽፋሽፍቱ ሥር ተነስቶ ወደ ጫፉ እንዴት እንደሚሳብ፣ ሁለተኛው ዙር መቼ እንደሚደገም ይነገራል። ምክሩ ትክክል ነው፤ የተጻፈው ግን ለቀዝቃዛ አገር ነው። ድሬዳዋ ላይ ነገሩ የሚጀምረው ከእጅ በፊት ነው፤ ቱቦው የት ዋለ፣ መቼ ተከፈተ፣ ብሩሹ ስንት ዓይን ነካ ከሚለው ጥያቄ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የዓይን መኳኳያዎች ከ29 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት እንዳይቀመጡ ይመክራል፤ ሙቀቱ ተህዋስያንን የሚከላከለውን ንጥረ ነገር ያዳክመዋልና። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ድሬ፣ ከታኅሣሥና ከጥር በቀር በአብዛኞቹ ወራት የቀን ሙቀቷ ከ30 ዲግሪ ይዘላል፤ በግንቦትና በሰኔ 35ን ይጠጋል። ሌላው ዓለም ፀሐይ ላይ ቆሞ ለዋለ መኪና የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ እዚህ ለሱቁ መደርደሪያ፣ ለሳሎኑ ጠረጴዛና ለእጅ ቦርሳው ሁሉ ይሠራል። ስለዚህ በዚህች ከተማ ያማረ ሽፋሽፍትና ጤነኛ ዓይን የሚጠይቁት አንድ ዓይነት ጥንቃቄ ነው፤ ጥንቃቄውም ለተጠቃሚዋ ብቻ የሚተው አይደለም እላለሁ።

ማስካራ በመሠረቱ ሰም፣ ዘይት፣ ውኃና ቀለም ነው። ጥቁረቱ ብዙውን ጊዜ ከብረት ኦክሳይድ ወይም ከካርቦን ይገኛል። ቱቦው ሲሞቅና አየር ሲገባው ውኃው ይተናል፣ ሰሙም ይጓጉላል። እንዲህ የሆነ ማስካራ ሽፋሽፍቱን ለያይቶ ከማጉላት ይልቅ አንድ ላይ ያጣብቀዋል፤ ሲደርቅ ደግሞ እየተፈረፈረ ጉንጭ ላይ ይረግፋል። ብዙ ሴቶች ይህን የእጃቸው ጉድለት አድርገው ይወስዱታል፤ እጃቸው ግን ምንም አላጠፋም። ቀለም ይበዛልኛል ብሎ ብሩሹን ቱቦው ውስጥ ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣትም ችግሩን ያባብሰዋል፤ በእያንዳንዱ ግፊት አየር ይገባል፣ ከአየሩ ጋር አቧራና ተህዋስያን ይገባሉ። የደረቀውን ለማለስለስ ውኃ ወይም ምራቅ መጨመርማ ከሁሉ የከፋ ነው። ማስካራ በቱቦ ከመምጣቱ በፊት እንደ ሳሙና የደረቀ ቀለም ነበር፤ ተጠቃሚዎቹ ትንሽ ብሩሽ በውኃ፣ ብዙ ጊዜም በምራቅ እያራሱ ይቀቡት ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ሄለና ሩቢንስታይን ብሩሹን ከነቀለሙ በአንድ ቱቦ አድርጋ ስታቀርብ ገበያው ከዚያ ልማድ ተላቀቀ። ዛሬ ቱቦው ውስጥ ምራቅ የሚጨምር ሰው ያንን ዘመን መልሶ እያመጣ ነው፤ ያውም ጀርም ለሳምንታት በሚቀመጥበት ሞቃት ዕቃ ውስጥ።

ቱቦው ጤነኛ ከሆነ ቀሪው ሥራ ረጅም አይደለም፤ ያም ቢሆን የድሬን አየር ማወቅ ይጠይቃል። ከተማዋ በቀትር አርፋ ከ10 ሰዓት በኋላ የምትነቃ ናትና ሰው በአመዛኙ የሚዋበው ለምሽት ነው፤ በዚያ ሰዓት ግን የቀኑ ላብና የፊት ወዝ ገና ቆዳ ላይ ነው። ፊትን ታጥቦ፣ የዓይን ቆብን በደንብ አድርቆ መጀመር ከማንኛውም የእጅ ስልት ይበልጣል። ቫዝሊን ወይም ቅባት የበዛበት ክሬም ቆቡ ላይ ካለ ዘይቱ ሰሙን ያሟሟውና ከዓይን በታች ጥቁር ጥላ ይጥላል። ሽፋሽፍቱን በመሣሪያ መቆልመም የምትፈልግ ከማስካራው በፊት ታድርገው፤ ማስካራ ደርቆበት የጠነከረ ፀጉር ሲቆለመም ይሰበራል። ከዚያ ብሩሹን አንድ ጊዜ አዙሮ ማውጣት፣ ጫፉ ላይ የተከማቸውን በሶፍት መጥረግ፣ ብሩሹን ከሥሩ አስጠግቶ በትንሹ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ወደ ላይ መሳብ ነው። መስመሩን የሚያጎላው ሥሩ ላይ የሚቀረው ቀለም ነው፤ ጫፉ ላይ የሚበዛው ግን ሽፋሽፍቱን ያከብደዋል። ሁለት ስስ ዙር ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ ሁለተኛውም የመጀመሪያው ድርቅ ሳይል ይደገማል። የታችኛውን ሽፋሽፍት በሙቀት ቦታ አለመንካት ወይም በብሩሹ ጫፍ ብቻ ነካ ማድረግ ይበቃል። ውኃ የማያስለቅቀው ዓይነት ማስካራ ላብን ይችላል፤ በማታ ግን በዘይት መልክ ባለው ማጽጃ ቀስ ተብሎ መነሳት አለበት። እንደዚያ ተቀብቶ መተኛት ሽፋሽፍቱንም ዓይኑንም ይጎዳል። ፀጉሩን እንደ ስስ ሽፋን የሚያለብሰውና በሞቀ ውኃ ተንሸራቶ የሚለቀው ዓይነት ለወዛማ ቆዳ ይመረጣል፤ በእኔ ግምት ለድሬ የሚስማማው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሽፋሽፍት ራሱ አንድ ነገር ላንሳ። በ2015 እ.ኤ.አ. የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች የ22 አጥቢ እንስሳትን ሽፋሽፍት ለክተው ባወጡት ጥናት፣ የሽፋሽፍት ርዝመት የዓይንን ስፋት አንድ ሦስተኛ ያህል ሲሆን ነፋሱን ከዓይኑ ላይ እንደሚያስቀይስ፣ የዓይን ድርቀትንና ወደ ዓይን የሚገባውን ብናኝ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ከዚያ በላይ የረዘመ ግን ነፋሱን ወደ ዓይን መልሶ ይመራዋል። ደረቅ ነፋስና የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ለማይለያት ከተማ ይህ ተራ ወሬ አይደለም። ማስካራ ያለውን ፀጉር ያጎላል እንጂ ከልክ በላይ አያረዝምም፤ ስለዚህ በየሠርጉ እየተለመደ ከመጣው ረጅም አርቴፊሻል ሽፋሽፍት ይልቅ ለድሬ ሴት የሚጠቅማት እሱ ይመስለኛል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ማስካራ ሲከፈት ንጹሕ ቢሆንም ብሩሹ በየጊዜው ከሽፋሽፍቱ ተህዋስያን ይዞ ወደ እርጥቡ ቱቦ ይመለሳል። በእንግሊዝ የአስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማስካራን ጨምሮ 467 ያገለገሉ መኳኳያዎችን መርምረው ከ79 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ባክቴሪያ እንዳለባቸው አግኝተዋል። ከዚያ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች በተበከለ ማስካራ ብሩሽ ዓይናቸው ተጭሮ ሱዶሞናስ በሚባል ባክቴሪያ ብሌናቸው የቆሰለባቸውን ሴቶች ሁኔታ መዝግበዋል። ጭረቱ ትንሽ ነው፤ ባክቴሪያው ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ብሌኑን ሊያጠፋ ይችላል። «ለዓመታት ተጠቅመናል፣ ምንም አልሆንንም» የሚለው መልስ ይህን አያፈርሰውም። አደጋው እንዲደርስ ጭረትና ብክለት በአንድ ላይ መገጣጠም አለባቸው፤ ባልተገጣጠሙበት ጊዜ ሁሉ ደኅና መሆን ደግሞ ለሚገጣጠሙበት ቀን ዋስትና አይሆንም። ከተከፈተ ከሦስት ወር በኋላ ይጣል የሚለው የተለመደ ምክርም ማቆያው ንጥረ ነገር በወጉ በሚሠራበት አየር ላይ የታሰበ ነው፤ የድሬ ሙቀት ይህን ጊዜ ያሳጥረው ይሆናል እንጂ አያረዝመውም።

ችግሩ በጣም የሚበረታው በውበት ሳሎኖች ነው። በሠርግ ወቅት አንድ ባለሙያ ሙሽራዋን፣ ሚዜዎቿን፣ እናቷንና እህቶቿን በአንድ ጧት በአንድ ብሩሽ ልትቀባ ትችላለች። የመጨረሻዋ ሴት ከፊቷ የነበሩትን ሁሉ ዓይን ትቀበላለች። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ለእያንዳንዷ ደንበኛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የፕላስቲክ ብሩሽ፣ ከነካ በኋላም ወደ ቱቦው የማይመለስ። ቀለሙን በንጹሕ ማንኪያ መሰል መሣሪያ ቀንሶ በብረት ሳሕን ላይ አድርጎ ከዚያ መቀባትም ይቻላል። የሳሎን ባለቤቶች ወጪ ይጨምርብናል ሊሉ ይችላሉ፤ ኑሮ በተወደደበት ጊዜ ይህን ማቃለል ተገቢ አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ብሩሽ ለሙሽራ ማስዋቢያ ከሚከፈለው ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከቁጥር አይገባም፤ ደንበኛ ፊት ሲከፈትም ለሳሎኑ መታመኛ ይሆነዋል። በየሦስት ወሩ አዲስ ቱቦ መግዛት ለማትችል ሴት ደግሞ ከዋጋው ይልቅ ልማዱን መቀየር ይቀድማል። ትንሹን ቱቦ መግዛት፣ ቦርሳ ውስጥ ይዞ ከመዞር ቤት ውስጥ ጥላ ባለበት ማስቀመጥ፣ ለእህት እንኳ አለማዋስ ገንዘብ አይጠይቁም። ዓይኗ ቀልቶ ወይም መግል አዝሎ የሰነበተ ደግሞ በዚያ ወቅት የተጠቀመችበትን ቱቦ ጥላ በአዲስ መጀመር አለባት፤ ያስቆጫል፣ ግን ከሕክምናው ይረክሳል።

ስለ ሽፋሽፍት ጋዜጣ ላይ መጻፍ ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። ዓይን ግን በዚህ አገር ቅንጦት አይደለም፤ በዓለም ላይ ትራኮማ ለተባለው የዓይን በሽታ ከተጋለጠው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚኖረው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት ጥናት የዓይነ ስውርነት ስርጭት 1.6 በመቶ ነበር፤ ከዚህም 11.5 በመቶ የሚሆነው ትራኮማ በብሌን ላይ በሚያስከትለው ጠባሳ የመጣ ነው። በሽታው እየተደጋገመ ቆቡን ሲያጠብቀው ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና በእያንዳንዱ ቅጽበት ብሌኑን ይፍቃል፤ እናቶቻችን ወረንጦ ይዘው የኖሩት ለዚህ ነው። ማስካራ ትራኮማን ያዛምታል እያልኩ አይደለም። ትራኮማ በአመዛኙ የገጠርና የውኃ እጦት በሽታ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደውም በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ነው። ነገር ግን ጤና ሚኒስቴር ለዓመታት ሕዝቡን ፊቱን እንዲታጠብና የፊት ጨርቅ እንዳይዋዋስ ሲያስተምር በኖረበት አገር፣ ከተሜው ከዓይን ወደ ዓይን የሚዞር ብሩሽን እንደ ምንም መቁጠሩ አይያያዝም።

ከዚህ የሚከብደው ክርክር የኩል ነው። በድሬ፣ በሐረርና በሶማሌ አካባቢዎች ኩል ከማስካራ በፊት የነበረ ጌጥ ነው፤ ሕፃናትም ይኳላሉ። በሙስሊሙ ዘንድ ኢስሚድ የተባለው ኩል ሃይማኖታዊ ክብር አለው። ይህን ማንም በጋዜጣ ጽሑፍ ሊሽር አይችልም፤ እኔም አልሞክርም። ጥያቄዬ ስለ ብልቃጡ ይዘት ነው። በዓለም ገበያ «ኩል» ተብሎ ከሚሸጠው ብዙው ጋሌና፣ ማለትም የእርሳስ ማዕድን ነው፤ እርሳስ ደግሞ በተለይ በልጆች አእምሮ ላይ ጉዳት የማያደርስበት መጠን እንደማይታወቅ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. የጥንት ግብፆች የዓይን ኩል ውስጥ የነበሩ የእርሳስ ጨዎች በጥቂቱ የሰውነትን መከላከያ ሊያነቃቁ እንደሚችሉ አሳይተዋል፤ ይህ ጥናት ኩልን ለመከላከል ሲጠቀስ ይሰማል። ጥናቱ የሚያወራው ግን በሕዋሳት ላይ ስለታየ ጠባብ ውጤት ነው፤ ሕፃን ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ሲጠባ በየቀኑ ሰውነቱ ውስጥ ስለሚጠራቀመው እርሳስ ምንም አይልም። ኩል የተከበረው ዓይንን ይጠቅማል ተብሎ ከሆነ፣ ምርመራን የሚጠይቀው የኩል ወዳጅ ነው።

ተጠቃሚዋ ይህን ሁሉ ብቻዋን ልትወጣው አትችልም። አሜሪካ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን በብዙ ዋጋ ተምራለች። ላሽ ሉር የተባለ የሽፋሽፍት ማቅለሚያ የሴቶችን ዓይን አጥፍቷል፣ ሞትም አስከትሏል፤ በጊዜው የነበረው የ1906 ሕግ መኳኳያን ስለማይነካ መንግሥት ምርቱን ከገበያ ማንሳት አልቻለም። በ1938 የወጣው ሕግ ያን ክፍተት ዘጋ። እኛ ሕጉ አለን፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 መዋቢያዎችንም በቁጥጥር ሥር አድርጓል። የጎደለው ሕጉ ቀፊራና ታይዋን እስከተባሉት የድሬ ገበያዎች ድረስ መውረዱ ነው። ድሬ ከተመሠረተች ከ1902 እ.ኤ.አ. አንስቶ የጅቡቲ መስመር ከተማ ናት፤ ዕቃ በባቡርም በመኪናም በእጅም ይገባባታል፣ በዚህም ትኖራለች። ከዚያ ዕቃ ውስጥ ማስካራው ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ሲሸጥ ዋጋው ይረክሳል፤ ሆኖም አንዳንዱ የአምራች ስም፣ የማብቂያ ቀንና ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበትን ጊዜ የሚያሳየው የተከፈተ ማሰሮ ምልክት የለውም። ነጋዴውን መክሰስ ቀላል ነው፤ የሚሻለው ግን ለዓይን የሚውል ዕቃ በጥላ እንዲቀመጥ፣ ቀን የሌለበትም ከመደርደሪያ እንዲወርድ አስቀድሞ ማሳወቅና ከዚያ መቆጣጠር ነው። የከተማው የጤና ቁጥጥር ሳሎኖችን ሲጎበኝ ከፎጣውና ከመታጠቢያው ጋር የማስካራውን ብሩሽ ይጠይቅ። የውበት ሙያ የሚያስተምሩ ኮሌጆችም ብሩሽ መቀየርን ቅንድብ ከመቅረጽ እኩል ይፈትኑ። ኩሉን በተመለከተ ከገበያው ናሙና ወስዶ የእርሳስ መጠኑን ማስመርመርና ውጤቱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ለሕዝብ ማሳወቅ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥራ ነው፤ ልጇን የምትኩል እናት ይህን የማወቅ መብት አላት።