ምላስ አይመርምርልን

ፈተና ሲያልቅ ዶርም ውስጥ ተሰብስበን ከምንጫወታቸው ጌሞች አንዱ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዶንት ስታርቭ» ነው። ጫካ ውስጥ ያገኘነውን ለቅመን እየበላን መሰንበት አለብን። ቀዩ እንጉዳይ በጥሬው ሲበላ 20 የጤና ነጥብ ይቀንሳል፤ ሰማያዊው 20 ይጨምራል። አረንጓዴው በጥሬው 50 የአእምሮ ነጥብ ይወስዳል፤ ሲበስል ግን 15 ይመልሳል። ይህን ሁሉ ያወቅነው እየቀመስን፣ እየሞትንና እንደገና እየጀመርን ነው።

ጌሙን አንነቅፍም። የምንሰጋው «ሞክረውና ታየዋለህ» የሚለውን ልማድ ነው። አማኒታ ፋሎይደስ የሚባለው ገዳይ እንጉዳይ ቢቀቀልም ቢጠበስም መርዙ አይጠፋም። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። ከዚያም በሽተኛው የተሻለው ሲመስል ጉበቱ ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። «ቀመስኩት፣ ምንም አልሆንኩም» ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓ ዓላማዎች አንዱ ነው። ሥጋ ሲቀርብልን «ማን አረደው?» ብለን ሳናፍር የምንጠይቅ ተማሪዎች ነን። ከጫካ ለተለቀመ እንጉዳይም፣ ለፈተና እንቅልፍ ያባርራል ተብሎ ለሚሰጠን ስሙ ላልታወቀ ኪኒንም እንዲሁ «ምንድን ነው? ከየት መጣ?» እንበል። ካላወቅን አዋቂ እንጠይቅ፤ አዋቂ ካጣን እንተወው። ጌሙ እንደገና ይጀመራል፤ የዱንያ ሕይወት ግን አንድ ጊዜ ናት።

አላህ ከሚጎዳን ሁሉ ይጠብቀን።