ቈሻሻው ከደጅ ይመለስ

የዛሬው አርእስታችን ለብዙዎች የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የትምህርት ዕድል ጠይቆ መልስ የሚጠባበቀውን፣ የሥራ ማመልከቻ የላከውን፣ ስሙንም ሳይገልጥ እውነት ለመናገር የሚሻውን ተማሪ ሁሉ የሚነካ ስለ ሆነ በዝምታ ልናልፈው አልወደድንም። ጉዳዩ የኢሜል አስተላላፊ አገልግሎት ነው።

አስተላላፊ የምንለው አንድ አድራሻ ሰጥቶን፣ በዚያ አድራሻ የመጣውን ደብዳቤ ወደ እውነተኛው ሣጥናችን የሚመራልንን ድርጅት ነው። በውጭ አገር አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለተመራቂዎቻቸው እንዲህ ያለ አድራሻ ሰጥተዋል። እንደ ፋየርፎክስ ሪሌይና ሲምፕልሎጊን ያሉት ደግሞ ሰው እውነተኛ አድራሻውን ለማያምነው ሁሉ እንዳይሰጥ መሸፈኛ አድራሻ ያበጁለታል። ጥቅሙ አያጠያይቅም፤ ጭንቁ ግን ለጨዋው የተዘረጋው መሸፈኛ ለአጭበርባሪውም መመቸቱ ነው።

አጭበርባሪውንማ እናውቀዋለን። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1994 ሁለት የአሜሪካ ጠበቆች በሺህ ለሚቈጠሩ የዩዝኔት የውይይት ቡድኖች አንድ ዐይነት ማስታወቂያ በትነው የኢንተርኔትን ዓለም አስቈጥተው ነበር፤ ማስታወቂያውም እኛ ዲቪ ስለምንለው ስለ ግሪን ካርድ ሎተሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ዲቪ ደርሶሃል፣ ገንዘብ ላክ» የሚል የሐሰት ደብዳቤ ስንቱን ቤተ ሰብ አታለለ? የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ባለ ዕድሎችን በኢሜል እንደማያስታውቅ ደጋግሞ አስጠንቅቋል፤ ማስጠንቀቂያው ብቻውን ግን ሁሉን አላዳነም።

እንግዲህ አስተላላፊው እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ሳይመረምር ቢያሳልፍ ምን ይሆናል? ተቀባዩ ሰርቨር በቅድሚያ የሚመዝነው ደብዳቤውን በደጁ ያቀረበለትን ነው፤ መጀመሪያ የላከው ሌላ ቢሆንም ወቀሳው በአስተላላፊው ላይ ይወድቃል። ከ1998 ጀምሮ የሚሠራው ስፓምሃውስና መሰሎቹ በሚያወጡት የጥቁር መዝገብም ሊገባ ይችላል። ጉግል ከ2024 ጀምሮ በቀን ከ5,000 በላይ ደብዳቤ ወደ ጂሜል የሚልኩ ሁሉ የሚቀርብባቸው ስሞታ ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆን አዟል፤ ከ1,000 ደብዳቤ 3 ስሞታ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጥቂት አጭበርባሪዎች ባጠፉት፣ በዚያው አስተላላፊ የሚጠቀመው ምስኪን ተማሪ የሚናፍቀው መልስ ሳይደርሰው ይቀራል።

በዚህ ነገር ሁለት ወገን አለ። አንዱ ወገን «መልእክተኛ ምን ዕዳ አለበት? የተሰጠውን ሁሉ ያድርስ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ደብዳቤው ሁሉ ይነበብ፣ ባለ አድራሻውም ሁሉ በስሙ ይመዝገብ» ይላል። እኛ በሁለቱም አንስማማም። የመጀመሪያው አገልግሎቱን ያጠፋዋል፤ ሁለተኛው አገልግሎቱ የቆመበትን ዓላማ ያጠፋዋል።

ለዚህ ምስክራችን ፊንላንድ ናት። ዮሃን ሄልሲንጊየስ የተባለው ሰው ፔኔት በሚል ስም የታወቀ፣ የላኪውን ማንነት እየሸፈነ ደብዳቤ የሚያስተላልፍ አገልግሎት አቋቁሞ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ተጠቀሙበት። ፎቶግራፍ እንዳይተላለፍበት የመልእክቱን መጠን ገድቦ ነበር፤ ይህ ገደብ የማንንም ደብዳቤ ማንበብ የሚጠይቅ አልነበረም። የጎዳው የስሙ መዝገብ ነው። በ1995 በሳይንቶሎጂ ቤተ ክርስቲያን አቤቱታ ምክንያት የአንድ ተጠቃሚን ማንነት ለፖሊስ እንዲገልጥ ተገደደ፤ በ1996ም ተመሳሳይ ፍርድ በመጣ ጊዜ አገልግሎቱን ዘጋው። ከዚህ የምንማረው ግልጥ ነው፤ ጥፋትን በልክና በገደብ መግታት ይቻላል፤ የስም መዝገብ ግን አንድ ጊዜ ከተከማቸ ኀይል ያለው ሁሉ ይጠይቀዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፣ አጠራጣሪው ደብዳቤ ከደጅ ይመለስ። ከተቀበሉት በኋላ «አልደረሰም» ብሎ መመለስ ስሙ በሐሰት በላኪነት ለተጻፈበት ንጹሕ ሰው ሌላ ቈሻሻ መላክ ነው። ሁለተኛ፣ «ላኪው እኔ ነኝ» የሚለው በእርግጥ እርሱ መሆኑ ኤስ ፒ ኤፍና ዲኪም በሚባሉት መመርመሪያዎች ይፈተሽ፤ ሲተላለፍም የደብዳቤው ቃል አይነካ፤ ከተነካ የዲኪም ፊርማው ይፈርሳልና። ሦስተኛ፣ ደብዳቤ የሚመራበት ሣጥን ባለቤት አስቀድሞ ፈቃዱን ይስጥ፤ አለዚያ ተንኰለኛ የደብዳቤ ጎርፍ በጠላቱ ላይ ይለቅበታል። አዲስ ደንበኛም በቀን የሚልከው በቍጥር ይወሰን። አራተኛ፣ በ1997 የወጣው የኢንተርኔት ደንብ እንደሚለው የስሞታ መቀበያ አድራሻ ይኑር፤ የሚያነበውም ሰው ይኑር።

የእኛም ድርሻ አለ። በመሸፈኛ አድራሻ የመጣብንን ቈሻሻ «ስፓም» የሚለውን ቍልፍ ተጭነን ስንከስ፣ ክሱ ባገለገለን አስተላላፊ ላይ ሊቈጠር ይችላል። የተሻለው ያን አድራሻ ራሱን መዝጋት ነው፤ መሸፈኛው የተሰጠን ለዚሁ አይደለምን?

ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይላል ያገራችን ሰው። ከመካከላችን ነገ እንዲህ ያለውን አገልግሎት የሚያቋቁሙ መሐንዲሶች ይወጣሉ። እነዚህን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን የምንለምናቸው አንድ ነገር ነው፤ ደጃፋቸውን ነቅተው ይጠብቁ፤ የሰው ደብዳቤ ግን አይክፈቱ።