ባሕሩን ለቀቅ አድርጉት!

ወደብ የለን፣ ባሕር የለን፤ ታዲያ ስለ ስኩባ ዳይቪንግ ምን አገባን? እንዲህ ለሚለን አንባቢ መልሳችን አጭር ነው። ባሕር ባይኖረንም ዩቲዩብ አለን። ደግሞም ለጫጉላ ዛንዚባር፣ ሲሞላለትም ሻርም ኤል ሼክ ብቅ የሚል የሰፈራችን ልጅ አይጠፋም። ሄዶም ከነመነጽሩ ፎቶ ተነስቶ ይለጥፋል። ይለጥፍ፤ ደስ ይበለው። ጠባችን ከእሱ ጋር አይደለም። ጠባችን ጥልቅ ውሃ ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር "ባሕሩ በላው" ከሚለው ተረት ጋር ነው።

ተረቱ የሚበዛበትን ቦታ እንውሰድ። ግብፅ ውስጥ፣ ሲና ልሳነ ምድር ላይ፣ ዳሃብ ከምትባለው ከተማ በስተሰሜን ብሉ ሆል የሚሉት ጉድጓድ አለ። ቀይ ባሕር ዳር ላይ ቁልቁል የወረደ፣ ከ100 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ጉድጓድ ነው። አጠገቡ ባለው ገደል ላይ እዚያ የሞቱ ጠላቂዎች የመታሰቢያ ድንጋዮች ተለጥፈዋል። የአካባቢው አፈ ታሪክ ደግሞ ያልፈለገችውን ሰው ላለማግባት ራሷን ውሃ ውስጥ የጣለች ልጃገረድ መንፈስ ናት የምትጠራቸው ይላል። ጥሩ ተረት ነው፣ ለቱሪስት ይሸጣል። ለሟች እናት ግን ምንም አይነግራትም።

የሚነግራት ሒሳቡ ነው። ጉድጓዱን ከውጪው ባሕር ጋር የሚያገናኝ፣ "አርች" የሚሉት የድንጋይ ቅስት አለ። ጣሪያው 55 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደግሞ 26 ሜትር ያህል ይረዝማል። ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ ወዲያ ማዶ ያለው ብርሃን ቅርብ ይመስላል። አይደለም። ለጀማሪ ጠላቂ የሚመከረው ወሰን 18 ሜትር ነው፤ ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው የመጨረሻ ጣሪያው (ወለል ብንለው ይሻል ነበር) 40 ሜትር። 55 ሜትር ላይ ግፊቱ ላይ ካለው ስድስት ተኩል እጥፍ ስለሆነ እያንዳንዱ ትንፋሽ ከሲሊንደሩ የሚወስደው አየርም ስድስት ተኩል እጥፍ ነው። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። ላይ ላዩን በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው እዚያ ታች 130 ሊትር ይፈጃል። ስለዚህ ሲሊንደሩ 18 ደቂቃ ነው ማለት ነው። የደነገጠ ሰው እጥፍ ይተነፍሳል፤ 9 ደቂቃ። መውረጃውም፣ መውጫውም፣ መንገድ ላይ እየቆሙ ከደም ውስጥ ናይትሮጂን ማስወጫውም ከዚያችው ላይ ነው። መንፈሷ የቱ ጋ ገባች?

ናይትሮጂን ካልን አይቀር፣ ከ30 ሜትር በታች ናይትሮጂን ያሰክራል። ጠላቂዎቹ ራሳቸው "በየ10 ሜትሩ በባዶ ሆድ አንድ ማርቲኒ" እያሉ ይቀልዱበታል፤ እኛ አንድ መለኪያ አረቄ ብንለው ይገባናል። የሰከረው ሰው ደስ ይለዋል፣ መለኪያውን ያያል፣ ቁጥሩ ግን ምንም አይመስለውም። አባቶቻችን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ ስለ ወንዝ ነበር፤ ቀይ ባሕር ላይ ግን ቃል በቃል ፊዚዮሎጂ ሆኖላቸዋል። ከ66 ሜትር በታች ደግሞ ከተራ አየር የሚገኘው ኦክስጅን ራሱ መርዝ ይሆናል፤ ያንቀጠቅጣል፣ የመተንፈሻው ጎማ ከአፍ ይወድቃል። ይህን ሁሉ ማንኛውም የጠላቂዎች መማሪያ ይጽፈዋል። ምስጢር የለውም።

እናም ሚያዝያ 2000 (እ.ኤ.አ.) አንድ ወጣት፣ ያውም የዳይቪንግ አስተማሪ፣ በአንድ ሲሊንደር ተራ አየር ብሉ ሆል ገባና 91 ሜትር ላይ ሞተ። ካሜራው ሁሉንም ቀርጾታል። አስከሬኑን በእናቱ ልመና ያወጣው ታሪቅ ዑመር የተባለ ግብፃዊ ጠላቂ ነው። የሟቹን ስም እዚህ አንጽፍም፤ ሞቱን ማታ ማታ እንደ አስፈሪ ፊልም የሚያየው ሰው ይበቃዋል። ቪዲዮው ሥር "ምን ዓይነት ጭራቅ አይቶ ይሆን?" ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ወገን፣ ያየው ጭራቅ የለም! ሰክሮ ነበር፣ እየሰመጠ ነበር፣ የሚተነፍሰውም አየር እየመረዘው ነበር።

"ነፍሱ የራሱ ናት፣ ምን አገባችሁ?" የሚለው ክርክር ይመጣል። እንስማው፤ ግን ቦስማንስጋት የሚባለውን የደቡብ አፍሪካ ዋሻም እንይ። በ1994 አንድ የ20 ዓመት ልጅ እዚያ ሰመጠ። ከአሥር ዓመት በኋላ አውስትራሊያዊው ዴቭ ሾው 270 ሜትር ወርዶ አስከሬኑን አገኘው፤ ጥር 2005 (እ.ኤ.አ.) ሊያወጣው ተመልሶ ገባና እዚያው ቀረ። ጓደኛው ዶን ሸርሊም ሊረዳው ወርዶ ለጥቂት ነው ከሞት የተረፈው። ከቀናት በኋላ ገመዱ ሲጎተት ሁለቱም አስከሬኖች አብረው ተንሳፈፉ። አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ሊያወጣው ይጠልቃል። ነፍሱስ የራሱ ናት እንበል፤ አስከሬኑ ግን የሰው ዕዳ ነው።

ባለሙያዎቹን ለማጣጣል አይደለም። ኑኖ ጎሜዝ በ2005 ዳሃብ ላይ 318 ሜትር ሲወርድ የወሰደበት 14 ደቂቃ ነው፤ ተመልሶ ለመውጣት ግን ከ12 ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ፈጅቶበታል። ያ ዓመታት የተዘጋጁበት፣ በየደረጃው የተለያየ ጋዝና ረዳት ጠላቂ የተደረደረበት ሥራ ነው። እንዲያም ሆኖ ዋስትና የለውም፤ ዋሻ ውስጥ እንዴት ጠልቆ በሕይወት እንደሚወጣ መጽሐፍ የጻፈው ሼክ ኤክስሊ እንኳ በ1994 ሜክሲኮ ውስጥ ጥልቀት ፍለጋ ወርዶ አልተመለሰም። ታዲያ ያንን ጀግንነት አይቶ "አርቹን አሳየኝ" የሚለውን ባለ አንድ ሲሊንደር ቱሪስት "እሺ" ብሎ ይዞት የሚወርድ አስጎብኚ ምን ይባላል? እኛ ደላላ ነው የምንለው። ሰውየው ሲሞት ደግሞ "አደጋ" ብሎ ይመዘግበዋል። አደጋ ማለት ኮብልስቶን አዳልጦህ ስትወድቅ ነው።

የሚያናድደው ደግሞ ታች የሚታይ ነገር አለመኖሩ ነው። ቀይ ቀለም ገና በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ይጠፋል፤ 50 ሜትር ላይ ሁሉ ነገር ሰማያዊና ግራጫ ነው። ኮራሉም፣ ዓሣውም፣ ብርሃኑም የሚበዛው ላይ ነው። ብሉ ሆልም ቢሆን 7 ሜትር ገደማ ላይ ወደ ውጪው ባሕር የሚያወጣ መተላለፊያ አለው። ከታች የሚገኘው ቁጥር ብቻ ነው፤ ለጓደኛ የሚነገር ቁጥር።

የምትሄዱ ካላችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አስጎብኚውን ስንት ሜትር እንደምትወርዱ፣ ምን ዓይነት ጋዝ እንደምትይዙ፣ ያንተ አየር ቢያልቅ ትርፍ ሲሊንደሩ የት ነው ብላችሁ ጠይቁት። "ችግር የለም፣ አብረን ነን" ካላችሁ ውሃው ውስጥ አትግቡ። ሻይ ቤቶቹ እዚያው ዳርቻው ላይ ናቸው።