ሐኪም ቤቱን አንሽሽ



መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ ብዙ ቤተሰብ ከበሽታው እኩል የፈራው ሐኪም ቤቱን ነበር። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በጠባብ ክፍል ተፋፍጎ ተራ መጠበቅ ለወረርሽኝ የተመቸ ነው። ነገር ግን ወረርሽኝ ገባ ተብሎ ምጥ አይዘገይም። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ሲቋረጥ ጉዳት ያስከትላል። በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንቱ መከተብ ያለበት ሕፃንም ካልተከተበ ለሌላ በሽታ ይጋለጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 በምዕራብ አፍሪካ ኢቦላ በተስፋፋ ጊዜ፣ ሕክምና በመስተጓጎሉ በወባና በሌላ ሊድን በሚችል ሕመም ያለቁት ጥቂት አልነበሩም።

ስለዚህ መፍትሔው ከሐኪም መራቅ ሳይሆን ቀጠሮውን ከአደጋ መጠበቅ ነው። ሳልና ትኩሳት ያለበት ከበሩ ላይ ተለይቶ ለብቻው ይታይ። ሙቀት መለካት ብቻውን አይበቃም፤ ትኩሳት ሳይኖረው የሚያስተላልፍ አለና። ቀጠሮ በሰዓት ይከፋፈል፤ ወረፋውም በበረንዳ ይሁን። ሐኪሙም ታካሚውም አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍኑ። ሕመሙ የተረጋጋለት ሰው የብዙ ወር መድኃኒት ቢሰጠው ምልልሱ ይቀንሳል። መስኮትም ይከፈት! «ብርድ ይመታኛል» እያልን የታክሲውንም የካርድ ክፍሉንም መስኮት እንዘጋለን። ቫይረሱ ግን የሚከማቸው በታፈነ አየር ውስጥ ነው።

ከእኛስ ምን ይጠበቃል? አንድን ሕመምተኛ አምስት ሆነን እንከተላለን። ዚያራ ትልቅ ዒባዳ መሆኑ አይካድም። በወረርሽኝ ጊዜ ግን አንድ አስታማሚ ይበቃል፤ የቀረነው በስልክ እንጠይቅ፣ ዱዓ እናድርግ፣ ለመታከሚያው እናዋጣ። ጥንቃቄ ተወኩልን አያፈርስም። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ሻም ውስጥ ወረርሽኝ መግባቱን በመንገድ ላይ ሲሰሙ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ተማክረው ተመልሰዋል። መታከምም እንደ መጠንቀቅ ሁሉ ሰበብ ማድረስ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታውቋል። ትምህርቱ ግን ከእኛ አይውጣ። ወጣቶች ሆይ! የእናትና የአባታችሁን፣ የነፍሰ ጡር እኅታችሁን የቀጠሮ ቀን መዝግቡ። ሌላ ወረርሽኝ መጥቶ «ዘንድሮ ይቅርብኝ» ቢሉ፣ ዝም አትበሉ። ጭምብሉን አዘጋጁ፤ ሰው የሚቀንስበትን ሰዓት ጠይቁ፤ አንዳችሁ አብራችሁ ሂዱ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ያገራችን ሰው፤ ቀጠሮውን የፈራም እንዲሁ ነው።