ፍሪሲዮን ራሳችሁ ቀይሩ፣ ግን አትሰስቱ!

ወገኖቼ፣ «ፍሪሲዮን ራስህ ቀይር፣ ሸራውን ብቻ ግዛ» የምትሉ ሰዎች ግማሹን ነው የምትነግሩን! በፊት ጎማው የሚጎተት መኪና ላይ ጋራዡ የሚያስከፍለን በአብዛኛው የጉልበቱን ነው። ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች ወጥተው፣ ሞተሩ ተደግፎ፣ ካምቢዮው መውረድ አለበት። ያንን በራሱ ክንድ የሠራ ጎበዝ ነው። ታዲያ እዚያ ድረስ ደርሶ ለኩሽኔታ መሰሰት ምን ይሉታል? አሮጌው ኩሽኔታ ነገ ሲጮህ ያው ካምቢዮ እንደገና ሊወርድ ነው! ሸራው፣ ስፒንጂ ዲስኮውና ኩሽኔታው አብረው ይቀየሩ። ቮላኖውንም እዩት፤ ከተሰነጠቀ አትለፉት።

ከሁሉም በላይ፣ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግቡ! ክሪክ ማንሻ ነው፤ የሚሸከመው የብረት መደገፊያ ነው። እሱንም ግዙ። ስደት የወጣነው ቤተሰብ ልንረዳ ነው፣ ሬሳችን ሊላክ አይደለም።